ግርማ ያስገጠመው ሬዲዮ

ግርማ በደለኝ። የባሌ ታናሽ ወንድም ግርማ፤ ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ወሩ ጥቅምት፣ ቦታው ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሚወስደው መንገድ። ስሙን የጠራሁት የሌላ ሰው ግርማ በከንቱ እንዳይታማ ነው።

ወንድ ልጅ አሮጌ መኪና ሲያገኝ ፍሬኑን አያይም፣ ጎማውን አያይም፤ ሬዲዮ የሚገባበትን ቦታ ነው የሚፈልገው። አትሳቂ አንባቢዬ፤ ያንቺውንም እስቲ ጠይቂው።

ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነበርና አንድ ያረጀች ላንድሮቨር ነበረችን። ግርማ መንጃ ፈቃድ ስላለው ይነዳልናል። መንጃ ፈቃድ ስላለው ደግሞ መካኒክ የሆነ ይመስለዋል። ባለቤቴ ስንዴ ሊገዛ እነዋሪ የሄደ ዕለት፣ ግርማ ከተገለበጠ መኪና ላይ የተነቀለ ሬዲዮ ታቅፎ ከች አለ። አብሮት ወፍጮ የሚጠግን ጓደኛው አለ።

"እትዬ፣ መኪናችሁን ዘመናዊ ላደርጋት ነው።"

"ወንድምህ ያውቃል?"

"ሲመለስ በሬዲዮ ይሰማዋል።"

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ ነበር አበው፤ እነዚህ ግን መጠምጠሙን ጀመሩ። በመሮና በመዶሻ የከፈቱት ቀዳዳ ሬዲዮውን ከነቤተሰቡ ያስገባል። የተረፈውን ክፍተት በምን እንደጠቀጠቁት ልንገራችሁ? በእኔ ጋቢ ጫፍ። ቆርጠው ከጨረሱ በኋላ ነው ያየሁት። የድምፁ መዘውር ጠፍቶ ስለነበር በቦታው ባዶ የክር ማጠንጠኛ እንጨት ሰኩበት። ሽቦውን ደግሞ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኙት፤ የመኪናው ቁልፍ ቢነቀልም ሬዲዮው እንዳይጠፋ። ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ነበር ያስረዱኝ።

ሬዲዮው አንድ ዓመል ነበረው። ሞተር ሲነሣ እንደተነካ የንብ ቀፎ ከመንጫጫት በቀር አንድ ቃል አይሰማበትም። ሞተር ሲጠፋ ጥርት ብሎ ይናገራል። ባትሪው ደግሞ አሮጌ ስለነበር፣ ሬዲዮው ጥቂት ከተናገረ መኪናው አይነሣም። ስለዚህ ምርጫው የእናንተ ነው… ወይ መሄድ፣ ወይ መስማት።

ሳምንት ሳይሞላ ከአንኮበር ፈረሰኛ መጣ። አክስቴ አርፋለች፤ ቀብሯ ዛሬ አሥር ሰዓት ነው። እናቴ በወሊድ ስትሞት አንሥታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጇ አስካለ ደግሞ "ከተማ ገብታ እናቴን ረሳቻት" እያለች በየበዓሉ የምታማኝ ናት። አስካለን ልተዋት። አፈር ሳይመለስባት ደርሼ አክስቴን መሰናበት ነበረብኝ። ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም።

ባለቤቴ ገና አልተመለሰም፤ የሚነዳው ግርማ ነው። የሬዲዮውን አንቴና ሲያስር ቀትር አለፈ። ቢሆንም እንደርስ ነበር። ጎረቤላ ሳንደርስ አንድ ከፍታ ላይ ቀጥ አደረጋት።

"ምን ሆነች?"

"ምንም። ኳስ እየተላለፈ ነው፤ እዚህ ጋ ጥሩ ይይዛል።"

"ግርማ፣ ቀብር ነው የምንሄደው።"

"ውጤቱን ብቻ እትዬ። አንድ ደቂቃ።"

ሞተሩን አጠፋ። ውጤቱ ባዶ ለባዶ ነበር። ባዶ ለባዶ ሆኖ እንዳይቀር ብሎ ጠበቀ፤ እኔም ጥቁሬን ለብሼ ነፋስ እየገረፈኝ ከሰው ኳስ ጋር ጠበቅሁ። ከዚያ ሊያስነሣ ቢሞክር መኪናዋ አንዴ አቃሰተችና ዝም አለች።

እየገፋን ሳለ ወደ አልዩ አምባ የሚወርዱ አንድ ነጋዴ ሐጂ በበቅሎ ደረሱብን። ወርደው መኪናዋን ገላመጧትና "አላህ ያጽናዎት እመት፤ ቀብር ነው?" አሉኝ።

"አክስቴ ናት ሐጂ።"

"እንግዲያ በቅሎዬ ላይ ይውጡ። ይቺ ነገር ጩኸት እንጂ እግር የላትም።"

እግሬን ላነሣ ስል ግርማ ነጠላዬን ያዘ። "እትዬ፣ በመኪና ተነሥተሽ በበቅሎ ብትደርሺ ሰው ምን ይላል? ይኸው ቁልቁለቱ ደረሰ፤ ትነሣለች።"

ሐጂ ራሳቸውን ነቅንቀው ከአሽከሮቻቸው ጋር ገፉልን። ቁልቁለቱ ላይ እውነትም ተነሣች። ግርማ ሬዲዮውን ግን አልዘጋውም። በሞተሩ ጩኸት መሐል ውጤቱን እሰማ ብሎ ያንን የክር እንጨት እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው።

አንኮበር ስንደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። አክስቴ ተቀብራለች።

ግርማ ግቢው መሐል ድረስ ነዳ። እኔ ደረቴን እየመታሁ ወረድኩ፤ ሰውም ሊቀበለኝ ተነሣ፤ አስካለም እጇን ዘርግታ "እናታችን!" ስትል ግርማ ሞተሩን አጠፋ። ሬዲዮው ጠራ። ኳሱ አልቆ የሠርግ ዘፈን ገብቷል፤ ከነከበሮው፣ ከነጭብጨባው፣ ከነእልልታው።

ግርማ ሊዘጋው ሲጣደፍ የክር እንጨቱ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ቁልፉን ነቀለ። ያ ጥበባቸው ትዝ ይላችኋል? ዘፈኑ ቀጠለ። ሌላ ቢያጣ ኩታውን ገፍፎ ሬዲዮው ላይ ጣለና በደረቱ ተደፋበት። ከሩቅ የነበሩት ሰዎች ይህን ሲያዩ ምን ያሉ ይመስላችኋል? "ኧረ ያዙት፣ ራሱን ሊጎዳ ነው!" ብለው ሮጡ። ክንዱን ደግፈው አነሡት፣ ውሃ ረጩት፣ "የእግዜር ሥራ ነው፣ ተጽናና" አሉት። ሲያነሡት ዘፈኑ እንደ አዲስ ፈነዳ።

አስካለ እጇን ሰበሰበች። "ይሄ ምንድን ነው?" አለች ቀስ ብላ።

ግርማ ውሃው ከፊቱ ላይ ሳይደርቅ "እትዬ ናት ክፈተው ያለችኝ፤ መንገዱ ረዝሞባት" አለ።

በለቅሶ ቤት ሙግት ነውር ነው፤ ያሳደገችኝም እንዲህ ብላ ነው ያሳደገችኝ። አልቃሿ ግን ነውር የሚባል አታውቅም፤ ድምፅዋን ሞረደችና አወረደችው፦

በእግሩ የመጣው ሰው አፈር አለበሰ፣
በመኪና የመጣው በዘፈን ደረሰ።

ግጥሙ ከእኔ ቀድሞ ደብረ ብርሃን ገባ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠኝ ሴት ሳትቀር ታንጎራጉረው ነበር። በአርባዋ ተዝካር ላይ አስካለ ከቤተሰቡ ለይታ ከእንግዶች ጋር አስቀመጠችኝ። ግርማማ ምን ቸገረው፤ በየድግሱ "እትዬ አክስቷን በከበሮ የቀበረች" እያለ ሰው ሲያስቅበት ዕድሜውን ጨረሰ። ለባለቤቴ ስነግረው "ተይው፣ ቀልድ ነው" ይለኛል። ቀልድ ማለት ሌላው ሲቀበር የሚሳቅበት ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ተማርኩ።

ግርማ አምና አረፈ። ነፍሱን ይማር። በቤተሰቡ ብዕር የያዝኩ እኔ ስለሆንኩ፣ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ልጆቹ ለመኑኝ። እሺ አልኩ። የት እንደተወለደ፣ የት እንደሠራ፣ ስንት ልጆች እንዳፈራ ጻፍኩ። አንኮበር በሄድንበት ቀን ኳስ ሊሰማ መኪናውን ያቆመውም፣ ሬዲዮውን የከፈተውም እሱ ራሱ መሆኑን፣ እኔ ክፈተው አለማለቴን ጻፍኩ። ዲያቆኑ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ አነበበው። አስካለ ጆሮዋ ደክሟል፤ በደንብ እንድትሰማ ክንዷን ይዤ ወደ ፊት አቀረብኳት።