ስህተቱ ዜሮ እስኪሆን

(መኝታ ቤት ነው። አልጋው ላይ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» የሚል የዲስክ መሸጫ ክልል ምርጫ የሚያሳይ የተከፈተ ላፕቶፕ፣ አጠገቡ በገመድ የተያያዘ ጥቁር የዲስክ ማጫወቻ። ቤተሰቡ «ሊቁ» የሚለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወንበር ላይ ጉብ ብሏል። የሚስቱ ወንድም፣ «ፈዘዝ» የሚባለው ቁልፍ ቀራጭ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሳሎን ውስጥ የቤቱ ባለቤት፣ የፈዘዝ እናት፣ ይጠብቃሉ።)

ሊቁ፦ እኔ ኤ እያለ ቢ አልመርጥም። አበቃ።

ፈዘዝ፦ የዲስኩ ሽፋን ጀርባ ላይ ግን «ቢ» ነው የሚለው፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ይበል። ፋብሪካው ለገዛ ሥራው ቢ ከሰጠ እኛ ምን አጎነበሰን? እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ቢ አምጥቼ አላውቅም።

ፈዘዝ፦ ሲ ነበር እንዴ የምታመጣው?

ሊቁ፦ (እንዳልሰማ ሆኖ) ይኸውልህ፣ ይሄ ተራ ዲስክ አይደለም። ብሉሬይ ነው፣ ባለ ከፍተኛ ጥራት። የተዋናዩን ብጉር ሳይቀር ቆጥሮ ያሳይሃል። ማንም ማጫወቻ አያነበውም።

ፈዘዝ፦ ይሄኛው ያነባል ብለውኛል። የተዋስኩት እኮ ከ—

ሊቁ፦ ከማንም ተዋሰው። ችግሩ ፈርምዌሩ ነው።

ፈዘዝ፦ እሱ የቱ ነው? ይሄ ሽቦ?

ሊቁ፦ አይታይም። ፋብሪካው ማጫወቻው ሆድ ውስጥ የጻፈው ትእዛዝ ነው። የቱን ዲስክ አስገባ፣ የቱን መልስ የሚለው።

ፈዘዝ፦ እንደ ዘበኛ።

ሊቁ፦ እንደ ዘበኛ። እኔ ደግሞ አሁን ዘበኛውን አናግረዋለሁ።

ፈዘዝ፦ በናትህ ቶሎ አናግረው። ታናሽ እህቴ የዚህን ፊልም ልብስ ስትሰፋ ስምንት ወር ነው የፈጀባት። ስሟ መጨረሻ ላይ ይወጣል። እማዬ ደግሞ «ስፌት ምን ሥራ ነው» ብላ ስንት ዓመት ተኮራርፈው፣ ይኸው ዛሬ የልጇን ስም ላንብብ ብላ ከጠዋት ጀምሮ መነጽሯን ትወለውላለች።

ሊቁ፦ መነጽሩስ ይሁን። የውጭ ጫማ ምን ያደርግላቸዋል? ቤታቸው ቁጭ ብለው ፊልም ለማየት ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው!

ፈዘዝ፦ እሱማ... እግሯን በርዷት ይሆናል።

ሊቁ፦ (ይጫናል) ይኸው፣ ኤ።

ፈዘዝ፦ ጋሼ፣ እዚያ ላፕቶፑ ጥግ ላይ አምስት ነበር፤ አሁን አራት ሆነ።

ሊቁ፦ በጣም ጥሩ። ማጫወቻው አምስት ስህተት ነበረበት፤ አንዱን ነቀልኩለት። ዜሮ ሲገባ ጤነኛ ይሆናል።

ፈዘዝ፦ ከቁጥሩ ጎን ያለው ጽሑፍ እንደዚያ ነው የሚለው?

ሊቁ፦ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው።

ፈዘዝ፦ አዎ፤ ምን ይላል?

ሊቁ፦ ቴክኒካል ነው። ብተረጉምልህም አይገባህም።

(ዲስኩን ያስገባል። ማጫወቻው ትንሽ አጉረምርሞ ይተፋዋል።)

ሊቁ፦ ተግደረደረ። እንግዲያው ሲ።

ፈዘዝ፦ ቢን ዘለልከው እኮ።

ሊቁ፦ ሆን ብዬ ነው። ሲ ላይ ጥለህ ወደ ኤ ስትመልሰው ውለታህን ያውቃል። እኔ መሥሪያ ቤት የበታቾቼን የማሠራው እንዲህ ነው።

ፈዘዝ፦ የበታች አለህ እንዴ?

ሊቁ፦ ሲኖረኝ። (ሲን ይጫናል። ዲስኩ ተመልሶ ይወጣል። መልሶ ኤን ይጫናል። ዲስኩ አሁንም ይወጣል።)

ፈዘዝ፦ ሁለት ቀረ።

ሊቁ፦ ሁለት ስህተት ብቻ። ከምን ተነስተን የት እንደደረስን አየህ?

ፈዘዝ፦ ጋሼ፣ እኛ ሱቅ አንዳንድ ካዝና ይመጣል። ባለ ቁጥር ነው። ስትሳሳት ስንት ጊዜ መሞከር እንደቀረህ ይነግርሃል። አምስት፣ አራት፣ ሦስት እያለ ይወርድና ዜሮ ላይ ጥርቅም ይላል። ከዚያ በኋላ እኔም አልከፍተው፣ የሠራውም አይከፍተው።

ሊቁ፦ የካዝና ወሬህን ሱቅህ አውራው። ይሄ ጥበብ ነው። (ሲን ይጫናል። ዲስኩ ይወጣል።)

ፈዘዝ፦ (ተነስቶ ይቆማል) አንድ ቀረ። ይቺን እንኳ ለቢ ስጣት። ለእማዬ ስትል። ይቺን አንዷን ብቻ።

ሊቁ፦ ሰነፍ የሚሸነፈው አንድ ስህተት ሲቀረው ነው። (ኤን ይጫናል) ዜሮ!

ፈዘዝ፦ የቁልፍ ሥዕል መጣ።

ሊቁ፦ ጥበቃ ተደረገለት ማለት ነው።

ፈዘዝ፦ እንግሊዝኛ አላነብም፤ የተዘጋ ቁልፍ ግን አውቃለሁ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ (ወደ በሩ ዞሮ) እማማ፣ ይዘጋጁ። ዜሮ ስህተት ገብተናል።

(ዲስኩን ያስገባል። ይወጣል። አገላብጦ ያስገባል። ይወጣል። በሸሚዙ ጠርጎ ያስገባል። ይወጣል።)

ሊቁ፦ ዕቃው ሲፈጠርም ብልሹ ነው። የሚያድነው የለም። እኔ ቤት ያለውን ብታይ! ሁለት ዓመቱ፣ ከካርቶኑ አላወጣሁትም። ማንም እንዳይነካብኝ ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው ያስቀመጥኩት። የማያነበው ዲስክ የለም።

ፈዘዝ፦ ሞክረኸዋል?

ሊቁ፦ ምን ያስሞክረኛል? ጥሩ ዕቃ ያስታውቃል።

ፈዘዝ፦ (ዲስኩን ሽፋኑ ውስጥ እየከተተ) በል እንግዲህ፣ እኛ እንሂድ።

ሊቁ፦ የት?

ፈዘዝ፦ ፎቅ ላይ፣ ጎረቤታችን ነርሷ ጋ። እሷ ቢ የሚያነብ ማጫወቻ አላት። ጠዋት ጠይቄያት ኑ ብላናለች።

ሊቁ፦ ጠዋት? ታዲያ እኔ ከምሳ ጀምሮ እዚህ ምን እየሠራሁ ነው?

ፈዘዝ፦ እማዬ ናት። «ሳይነካካ ከሄድን ይከፋዋል። ትንሽ ይሞክርና እንወጣለን» ብላ ጫማዋን አደረገች።

(ከሳሎን የቦርሳ ዚፕ ሲዘጋ ይሰማል።)

ሊቁ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ሂዱ። ሂዱ፣ ግዴለም። የዚህን ኮተት ባለቤት ብቻ ንገረኝ። ይሄን ለሰው የሚያውስ ሰው፣ እኔ ፊት ለፊት የምነግረው ነገር አለኝ።

ፈዘዝ፦ መጀመሪያ ልነግርህ ስል አቋረጥከኝ እንጂ። እትዬ ናት ያዋሰችኝ። ሚስትህ። ከቁም ሳጥን አናት አውርዳ።

(ከአልጋው ሥር ባዶ ካርቶን ስቦ ያስቀምጥለታል። ካርቶኑ ላይ በሊቁ እጅ ጽሑፍ፣ በትልልቁ፣ «እንዳይነካ» ይላል። ሊቁ ካርቶኑን ያያል፣ ማጫወቻውን ያያል፣ ጣቱን ያያል።)

ፈዘዝ፦ (በሩ ላይ ሆኖ) አይዞህ፣ ጋሼ። ስህተቱ እንደሆነ ዜሮ ነው።