የማይሸወድ ሰው

(አዳማ፣ ቀትር ላይ። የልዑልሰገድ ፎቶ ኮፒ ቤት። በሩ መስታወት ላይ የባለቤቱ የራሱ መታወቂያ በትልቁ ተባዝቶ፣ «የኮፒያችንን ጥራት ይመልከቱ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተለጥፏል። ልዑልሰገድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ደጁ ላይ ሀብሃብ የሚሸጠው ደገፋ ሙቀቱን ሸሽቶ ገብቶ ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ እያዞረ ነው።)

ልዑልሰገድ፦ መልሰው አልኩህ።

ደገፋ፦ ትንሽ ብቻ ይንፈስብኝ።

ልዑልሰገድ፦ ቬንትሌተሩ ለኮምፒውተሩ ነው። እሱ ከጋለ ሥራ ቆመ።

ደገፋ፦ እኔም ጋልኩ እኮ።

ልዑልሰገድ፦ አንተ ብትግል ምን የሚቆም ሥራ አለ?

ደገፋ፦ ሀብሃቡ።

ልዑልሰገድ፦ ሀብሃቡ ያለ አንተም ይቀመጣል። መልሰው።

ደገፋ፦ (እየመለሰ) ቶሌ፣ እሺ። እኔን ያጋለኝ ጭንቀትም ጭምር ነው። ያ በቴሌግራም የወጣው ሥራ የለም? ሞጆ፣ የመጋዘን ጥበቃ። ቅጹን ሞልቼ ከላክሁላቸው በኋላ ስልካቸው አይነሳም።

ልዑልሰገድ፦ ምን ምን ሞላህ?

ደገፋ፦ የጠየቁኝን ነዋ። ስም፣ መታወቂያ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሚስጥር ቁጥር...

ልዑልሰገድ፦ የሚስጥር ቁጥርህን ሰጠህ?

ደገፋ፦ ኮከብ ነበረበት። ኮከብ ያለበት ካልተሞላ አያሳልፍም።

ልዑልሰገድ፦ ለጥበቃ ሥራ የአንተ የሚስጥር ቁጥር ምን ያደርግላቸዋል?

ደገፋ፦ ሚስጥር መጠበቅ እችል እንደሆነ ሊያዩ መስሎኝ።

ልዑልሰገድ፦ እና ነገርካቸው።

ደገፋ፦ አዎ። (ያስባል።) ወድቄያለሁ ማለት ነው?

ልዑልሰገድ፦ ሥራም የለ፣ ፈተናም የለ። ሸውደውሃል።

ደገፋ፦ ሒሳቡ ላይ ያለው እኮ የወርቄ ብር ነው። የሚስቴን ብር አጥፍቼ ቤት ልገባ? ከዚሁ ቡልቡላ እናቴ ጋ ብሄድ ይሻለኛል።

ልዑልሰገድ፦ ተረጋጋ። ዕድለኛ ነህ፣ እኔ ጋ መጣህ። አንደኛ፣ የሚስጥር ቁጥርህን ቀይር። አሁኑኑ።

ደገፋ፦ (ስልኩን ነካክቶ) ቀየርኩ።

ልዑልሰገድ፦ ስንት አደረግከው?

ደገፋ፦ ሁለት፣ ዜሮ...

ልዑልሰገድ፦ ዝም በል። ፈተና ነበር። እኔ ብጠይቅህም አትናገርም።

ደገፋ፦ አንተ ራስህ እየጠየቅከኝ?

ልዑልሰገድ፦ እናትህ ብትጠይቅህም።

ደገፋ፦ እናቴ ባንክ አትወድም።

ልዑልሰገድ፦ ሁለተኛ፣ ባንክህ ሄደህ ሒሳቡን አሳግድ። ሦስተኛ፣ የተጻጻፋችሁትን እንዳታጠፋው፣ ለፖሊስ ይታያል።

ደገፋ፦ ስድብም አለበት እኮ። ሲዘጉኝ ተናድጄ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ምን ብለህ ሰደብካቸው?

ደገፋ፦ «ደህና ናችሁ ወይ? ስልክ ስታጠፉ አሳሰባችሁኝ» አልኳቸው።

ልዑልሰገድ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) አራተኛ፣ ዋናው ይሄ ነው። ስምህን ጠርቶ፣ «ኮድ ልኬልሃለሁ አንብብልኝ» የሚል ሰው ከደወለ ወዲያው ዝጋበት።

ደገፋ፦ ጨዋ ሰው ቢሆንስ?

ልዑልሰገድ፦ ጨዋ ከሆነማ ባሰ።

ደገፋ፦ ቻው ሳልለው?

ልዑልሰገድ፦ ጆሮው ላይ ድርግም። እኔን እየኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ አንድ ሰው ሸውዶኝ አያውቅም። ትናንት የዓመት ዕቁቤ ወጥቶልኝ ባንክ ገብቷል፤ አዲስ የቀለም ማተሚያ ማሽን አዝዣለሁ። ይሄ ሁሉ ለምን ሆነ? መረጃዬን ስለምጠብቅ።

(የልዑልሰገድ ስልክ ይጠራል።)

ልዑልሰገድ፦ ሃሎ። አዎ ነኝ፣ ልዑልሰገድ ገሠሠ ዲበኩሉ። (ለደገፋ፣ በኩራት) እስከ አያቴ ነው የጠራኝ። ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው። (ወደ ስልኩ) ዕቃ? በስሜ? ማሽኔ ነዋ። ደገፋ፣ ማሽኔ ደረሰ። እሺ ጌታዬ፣ የምን ማረጋገጫ? (ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያያል።) አዎ፣ መልእክት ገብቷል። «ይህን ኮድ ለማንም አይንገሩ» ይላል።

ደገፋ፦ ልዑል።

ልዑልሰገድ፦ ዝም በል፣ ሰውየው ሥራ ላይ ነው። ኧረ ጌታዬ፣ ለማን እናገራለሁ፣ ለእርስዎ ብቻ ነው። ሰባት... አራት...

(ደገፋ ስልኩን ከእጁ ነጥቆ ይዘጋዋል።)

ልዑልሰገድ፦ ምን ነካህ አንተ?

ደገፋ፦ አራተኛ።

ልዑልሰገድ፦ የምን አራተኛ?

ደገፋ፦ ስም ጠራ፣ ኮድ አንብብ አለ። ድርግም።

ልዑልሰገድ፦ እሱ ላንተ ነው። ለተሸወደ ሰው። እኔ ተሸውጃለሁ?

ደገፋ፦ ሰውየው ጨዋ ነበር?

ልዑልሰገድ፦ በጣም ጨዋ።

ደገፋ፦ ጨዋ ከሆነማ ባሰ ብለኸኛል።

ልዑልሰገድ፦ ማሽኔን ቢመልሱት አንተን አልፋታህም። ስጠኝ፣ ሻጩን ይቅርታ ልጠይቅ። (ይደውላል።) አብዱልመናን፣ በሰዎችህ ላይ ስልክ የዘጋው እኔ አይደለሁም፣ አንድ ሀብሃብ ሻጭ ነው... የትኞቹ ሰዎች ማለት? ... ገና አልተጫነም? ... አንተ ያስደወልከው ሰው የለም? (ቀስ ብሎ ይዘጋል። ላቡን ይጠርጋል።) ደገፋ፣ ስንት ቁጥር አነበብኩ?

ደገፋ፦ ሁለት።

ልዑልሰገድ፦ ኮዱ ስድስት ነው።

ደገፋ፦ እንግዲያው አራቱ አልተነበበም።

ልዑልሰገድ፦ የዓመት ዕቁቤ፣ ደገፋ። የዓመት ዕቁቤ ሊሄድብኝ ነበር። ግን ስሜን እስከ አያቴ ከየት አመጡት?

ደገፋ፦ (ቬንትሌተሩን እያየ) ቅጹ ላይ... ዋስ የሚል ነበር።

ልዑልሰገድ፦ እና?

ደገፋ፦ ኮከብ ነበረበት።

ልዑልሰገድ፦ ደገፋ።

ደገፋ፦ «ጠንቃቃና የታመነ ሰው» ነው የሚለው። ከአዳማ የማይሸወድ ሰው እኔ የማውቀው አንተን ብቻ ነው።

ልዑልሰገድ፦ መታወቂያዬንስ? ኪሴ ገባህ?

ደገፋ፦ ኧረ ነውር ነው። (ወደ በሩ መስታወት እያሳየ) ደጅ ሆኜ በስልኬ አነሳሁት። ጥራቱ አንደኛ ነው፣ ስልክ ቁጥርህ ሳይቀር ይነበባል።

(ልዑልሰገድ ሮጦ ሄዶ መታወቂያውን ከመስታወቱ ላይ በጥፍሩ ይልጠው ጀመር።)

ልዑልሰገድ፦ ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያየው ዝም ትላለህ?

ደገፋ፦ ሀብሃብ እየበሉ እኮ ነው የሚያነቡት። የደም ዓይነትህን የማያውቅ ደንበኛ የለኝም።

ልዑልሰገድ፦ (ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ) አሁን ምን ይሻለኛል?

ደገፋ፦ አንደኛ፣ የሚስጥር ቁጥርህን ቀይር። አሁኑኑ።

ልዑልሰገድ፦ (ስልኩን ነካክቶ) ቀየርኩ።

ደገፋ፦ ስንት አደረግከው?

ልዑልሰገድ፦ አንድ፣ ዘጠኝ...

ደገፋ፦ ፈተና ነበር። ወድቀሃል።

(ደገፋ ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ ያዞራል። ልዑልሰገድ መልሰው አላለውም።)