የአያ ተገኘ ሳንባና የኔ መኪና

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ስታገኙ የሚያወራችሁ ስለ ሞተሩ ነው። ዘይት ትጠጣለች፣ ውሃ ትጨርሳለች፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች ይላችኋል። እኔን ብታገኙኝ ግን የማወራችሁ ስለ አያ ተገኘ ሳንባ ነው። አያ ተገኘ ዘመዴ አይደሉም። ጎረቤቴም አይደሉም። መኪናዬን የሸጡልኝ ሰውዬ ናቸው። «ታዲያ የሸጠልሽ ሰውዬ ሳንባ ምን አገባሽ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር።

ማራኪ ሰፈር ውስጥ የምርቃት ጋውን እየሰፋሁ ለተማሪ አከራያለሁ። ተማሪ ደግሞ ሲመረቅ አብሮ ነው የሚመረቀው፤ ጋውኑን ሁሉም በአንድ ሳምንት ይፈልገዋል። የተተኮሰ ጋውን በባጃጅ ጭናችሁ ታውቃላችሁ? ሲደርስ ላም ያኘከው ይመስላል። ስለዚህ መኪና አስፈለገኝ። አያ ተገኘ በዚያው ሰሞን ሳንጃ ላይ የነበራቸውን የሰሊጥ ንግድ ትተው፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ወዳለችው የትውልድ መንደራቸው ሊገቡ ነው። ደላላ አገናኘን፤ ከኔ በዕድሜ ብዙም የማታንስ ዓመድማ መኪናቸውን አሳዩኝ፣ አየኋት፣ ተስማማን።

መኪናዋ በአያ ስም ናት፤ ፋይሏ ግን አዲስ አበባ ነው። ስም ለማዛወር መኪናዋ ራሷ እዚያ ሄዳ መታየት አለባት። ደላላው ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ለጊዜው ውክልና ይበቃሻል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አያ የሽያጩን ውል ፈረሙልኝ፣ ውክልናውንም ሰጡኝ፣ መርቀውም ለቀቁኝ። እኔም ስሙን «መንገዱ ሲሻል» አዛውራለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

መንገዱ መች ሊሻል! መንገዱ ደህና ሲሆን መኪናዋ ትታመማለች፤ መኪናዋ ስትድን መንገዱ ይዘጋል። ሁለቱም ደህና የሆኑበት ሰሞን ደግሞ ቤንዚን የለም፤ ወጣቶቹ መንገድ ዳር በሀይላንድ ጠርሙስ የሚሸጡትን እየገዛን ነው የምንነዳው። በዚያ ላይ ዓባይ በረሃን እንዴት አድርጋ ነው የምትወጣው? ከእኛው ከተማ ፒያሳ ወደ ላይ ስታቀና እንኳ እግረኛ ይቀድመኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቆሞ «ልግፋልሽ?» ይለኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግድ አልነበረኝም። ግድ የሰጠኝ ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ ነው። እሱም እንደኔ በውክልና የገዛት መኪና ነበረችው። የሸጡለት አባት ሞቱ። ደግ ሰው ስለሆነ መኪናውን ይዞ ሄዶ ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛ ሲያመላልስ ከረመ፤ ድንኳን ጫነ፣ ወንበር ጫነ። በአርባቸው ዕለት ልጆቹ ምሳውን አብልተው «በል የአባታችንን መኪና ቁልፍ ስጠን» አሉት። ለካስ ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናውም አብሮት ይቀበራል! መኪናዋ ወራሾቹ ግቢ ቆማለች፤ እሱ እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት ይመላለሳል። በታክሲ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ስልኬን አነሳሁና ለአያ ተገኘ ደወልኩ። «አያ፣ እንዴት ነዎት?» አልኩ። «ተመስገን ልጄ፣ ሳል ቢጤ ይዞኛል እንጂ ደህና ነኝ» አሉኝ። ሳል ቢጤ! እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲህ አላውቅም። የአምባ ጊዮርጊስ ብርድ እንኳን የሰሊጥ ቆላ የለመደ ሳንባ፣ ከዚያ ወጥቶ የማያውቀውንም አይምር። ወፍራም ካፖርት ሰፋሁላቸው። ማር ላኩ፣ ዝንጅብል ላኩ፣ ሎሚ ላኩ። ኔትወርክ ካልጠፋ በቀር በየጠዋቱ እደውላለሁ። የናቴን ጤና እንደዚህ ጠይቄ አላውቅም፤ እናቴም ይህን ነግራኛለች።

ነገሩ እየቆየ ጋራዥም ገባ። መካኒኬ ሰይድ ይባላል፤ መኪናዋን ከኔ ይልቅ ያውቃታል። ክላቿ አለቀ ይለኛል። ላስቀይረው ወይስ ልተወው? ለሌላው ሰው ይህ የኪስ ጥያቄ ነው። ለኔ የሳንባ ጥያቄ ነው። አያ ዛሬ ነገ የሚሉ ከሆነ ለወራሾቻቸው አዲስ ክላች የማስገጥመው ለምኔ ነው? ስለዚህ ሰይድ ፊት ቆሜ እደውላለሁ። ድምፃቸው ጥርት ካለ «ቀይረው» እላለሁ። ካሳላቸው «ለጊዜው ጠበቅ ጠበቅ አድርገህ ስጠኝ» እላለሁ። በኋላማ ሰይድ ራሱ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት «ሽማግሌው እንዴት አደሩ?» ማለት ጀመረ። አንድ ጊዜ ፍሬኑን አይቶ «ወላሂ፣ ይሄን ብቻ እሳቸው ቢያስሉም አድርጊው» ብሎኛል።

የአያ የበኩር ልጅ ደግሞ አለላችሁ። ልጠይቃቸው በወጣሁ ቁጥር እሱ የሚጠይቀው መኪናዋን ነው። ዞር ዞር ብሎ ያያታል፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ ዘይት ታንጠባጥብ እንደሁ ያጣራል። «ዘይቷን በሰዓቱ ቀይሪላት እንጂ» ይለኛል። «ጥላ ስር አቁሚያት፣ ቀለሟን ፀሐይ እየበላው ነው» ይለኛል። እኔ በበኩሌ «አባትህን ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው፣ ቁርስ ሳይበሉ አይውጡ» እለዋለሁ። እሱ የኔን መኪና ይንከባከባል፣ እኔ የሱን አባት። እንዲህ ተግባብተን ኖርን።

አንድ ጠዋት እኔ ሳልደውል አያ ደወሉ። ድምፃቸው ከሩቅ ጉድጓድ የሚወጣ ነበር። «ልጄ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። መንገዱ ላይ ማኪና የለም። ነይ ድረሺልኝ» አሉኝ። ቤንዚኑን በሀይላንድ ለቃቅሜ ተነሳሁ። ኮሶዬ ዳገት ላይ መኪናዋ እንደ ጀበና ፈላች። ቆሜ አቀዘቀዝኳት፣ ውሃ አጠጣኋት፣ ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ ወጣች።

አያን በጋቢ ጠቅልለን ከኋላ አስተኛናቸው። ልጃቸው ከፊት ከጎኔ ተቀመጠ። አባቱ ከኋላ ትንፋሽ እያጠራቸው እሱ ጆሮውን ቀስሮ «ይሄ የሚንቋቋው ምንድን ነው? የፊት እግሯ ነው?» ይለኛል። በመስታወቱ ሳይ የአያ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ ነው አልኩ። እኔም በልቤ «ቅዱስ ሚካኤል፣ እኝህን ሽማግሌ አትውሰድብኝ» እያልኩ ነዳሁ። ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ሳንባ ምች ነበር። ሐኪሞቹ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አሉ። አጥሚት እየያዝኩ ተመላለስኩ፣ አልጋቸው ስር ተኛሁ። ነርሶቹ «እንዲህ ያለች ልጅ ይስጠን» ሲሉ ሰምቼ አንገቴን ደፋሁ።

ዳኑ። ማስነጠስ እንኳ የማያውቃቸው ሰው ሆነው ዳኑ! ሐኪሙ «ሳንባዎት አሁን የወጣት ነው» አላቸው። ያን ዓረፍተ ነገር እንደሰማሁ በቀጥታ ሰይድ ጋ ሄድኩ። «አውርደው» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ። «ሞተሩን። አውርደህ ሙሉ በሙሉ አድሰው» አልኩት። ያለኝን ሁሉ፣ የጋውኑንም የዓመት ጨርቅ መግዣ፣ እዚያ ሞተር ውስጥ ከተትኩት። ሰይድ እጄን ይዞ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ፤ የወለድኩ ነው የሚመስለው።

አያን ወደ መንደራቸው የመለስኳቸው በታደሰችው መኪና ነው። ኮሶዬን እንደ ፍየል ወጣችው! አያ ከጎኔ ተቀምጠው ዳሽቦርዷን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ሸጋ ሆነች። ሚካኤልም ደስ ይለዋል» አሉ።

«ሚካኤል ደግሞ ምን አገባው አያ?»

«ተስዬ ነዋ! ያን ለት ስታወርጂኝ፣ ካተረፍኸኝ ማኪናዋን አገባልሃለሁ አልሁት። ይኸው አተረፈኝ።»

መንገድ ዳር አወጣሁና አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። «አያ፣ መኪናዋን እኮ ሸጠውልኛል» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«እሱማ ሸጬልሻለሁ፤ ማን ካደ?» አሉ ረጋ ብለው። «ምነው ልጄ፣ እኔ ቀጣፊ ነኝ? ግን ስሚኝ። መሬቱን ለልጆቼ አካፍያለሁ። ከብቱንም ወስደዋል። ሲጨንቀኝ በስሜ የቀረ ነገር ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ እሷን ብቻ አገኘሁ። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልለምነው?»

ይህ ፍርድ ነው? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

ሚካኤል ደብር ሄጄ ቄሰ ገበዙን አነጋገርኩ። «አባ፣ የሰው ንብረት ለስለት ይሰጣል ወይ?» አልኩ። «በፍጹም አይሰጥም ልጄ። እግዚአብሔርም አይቀበለው» አሉኝ። እፎይ አልኩ፤ እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ገና ቀና ሳልል «ሊብሬው በማን ስም ነው?» አሉኝ። በዚህ ምድር ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን ጠይቆኛል፤ ወደ ሰማይ የሚያደርሰው በር ላይ ግን አልጠበቅኩትም ነበር።

የአያ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኔ ጎን ቆመ። አባቱ ቢሞቱ መኪናዋ የሱ ነበረች፤ ቢኖሩ የኔ ነበረች። ኖረውም ሞተውም የማናችንም እንዳትሆን አደረጓት። «ክሰሻቸው፤ ውል አለሽ አይደል? እኔ እመሰክርልሻለሁ» አለኝ። ውልማ አለኝ። ግን አስቡት እስቲ፤ አንደኛ ተከሳሽ አያ ተገኘ፣ ሁለተኛ ተከሳሽ ቅዱስ ሚካኤል። ሰው ምን ይለኛል? ሰውስ ይበል፤ እኔም እኮ ያን ለት ያንኑ መልአክ ለምኜዋለሁ። ከስሼ ብረታው በሚቀጥለው ዳገት ማንን ልጠራ ነው? አልከሰስኩም። ተናድጄ ነው ያልከሰስኩት፤ ጸድቄ አይደለም።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ራሴ ነድቼ ቅጥሩ ድረስ አደረስኳት። ሴቶቹ እልል አሉ። ከስለት ጃንጥላዎችና ከአንድ ወይፈን ጋር ተሰልፋ ለጨረታ ቀረበች። ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያ «ሞተሯ አዲስ የታደሰ ነው! ክላቿም አዲስ ነው!» ይላል። ማን እንዳሳደሰው አላለም። እኔ መጫረቻ አልነበረኝም፤ ያለኝ ሁሉ ኮፈኑ ስር ነው። ከዳባት የመጣ የእህል ነጋዴ አሸነፈ። ፋይሏ አዲስ አበባ መሆኑን፣ ለጊዜው አያ ውክልና እንደሚሰጡት ነገሩት። ነጋዴው አንድ አፍታ አሰበና አያ ወደተቀመጡበት ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። «አያ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው?» አላቸው። ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ ያሉት የበረከት ሳቅ መሰላቸው።

አሁን በታክሲ ነው የምሄደው። ጋውኖቼ እንደገና ላም ያኘካቸው መስለዋል። አያ ለካሳ ብለው አንድ ሙክት ላኩልኝ፤ ጥሩ ሙክት ነበር፣ ግን ጋውን አያመላልስም። መደወሌን ተውኩ። ምን ልበላቸው?

ባለፈው ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። ነጋዴው ማር እንደሚልክላቸው፣ በየቀኑ እየደወለ ደረታቸውን እንደሚጠይቃቸው ነገሩኝ። «ልጄ፣ ምነው ጠፋሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ማር ስትልኪም፣ ካፖርት ስትሰፊም ለማኪናዋ እንደሆነ አውቅ ነበር። አልከፋኝም፤ ልጆቼ ለምንም ብለው አይጠይቁኝም። አሁን ማኪናም የለሽ። እስቲ አሁን እንዴት አደሩ በይኝ።»

«እንዴት አደሩ አያ?» አልኳቸው። ምንም ሳልፈልግባቸው ስጠይቃቸው የመጀመሪያዬ ነበር። አፍሬ ነው የምነግራችሁ፤ ለመኪናዋ ስል እጠይቃቸው የነበረውን ያህል ከልቤ አልነበረም።