ሴትዮዋን ወዴት ልውሰዳት?

[የሆላንዷ ግሮኒንገን ከተማ፣ ትልቁ አደባባይ። ወሩ መጋቢት ነው። ፀሐይ ከስንት ብርድ በኋላ ዛሬ ብቅ ስላለች ከተሜው ሁሉ ካፖርቱን እንደደረበ ካፌ ደጅ ላይ እንደ እህል ተሰጥቷል። ደረቱ ላይ አዲስ የአስጎብኚ ባጅ የለጠፈው ኤፖና የሚስቱ ወንድም ፍሬርክ አንድ ጠረጴዛ ይዘዋል። ፊታቸው በዘይት የተጠበሰ፣ ውስጡ እንቁላል ያለበት ድቡልቡል ምግብ ቀርቧል።]

ኤፖ፦ በእጅ ነው አልኩህ! ይህን በሹካ የሚበላ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

ፍሬርክ፦ ያቃጥላላ!

ኤፖ፦ ሊያቃጥልህ ነው የተሠራው!

ፍሬርክ፦ እንቁላሉ ግን እዚያው ውስጥ ነው የበሰለው?

ኤፖ፦ ኧረ ተው! መጀመሪያ ይቀቀላል፤ ከዚያ በወፍራም መረቅ ይለበጣል፤ በዳቦ ፍርፋሪ ይንከባለላል፤ በመጨረሻ የፈላ ዘይት ውስጥ ይገባል።

ፍሬርክ፦ ያን ሁሉ መከራ ከቻለ በሹካ ብወጋው ምን ይለዋል?

ኤፖ፦ አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ለማስረዳት ሳንባ ያስጨርሳል። ወንበርህን ሳብ አድርግ፣ ጥላ መጣብህ።

ፍሬርክ፦ [እየሳበ] ምክር ፈልጌ ነበር። ዛሬ ከሰዓት አንዲት ሴትዮ ላዝናና ነው። ወዴት ልውሰዳት?

ኤፖ፦ [ጉርሻው አፉ ውስጥ ይቀራል] ሴት? አንተ?

ፍሬርክ፦ ምነው? ሴት ናት እንጂ አውሬ አይደለችም። እርግጥ አንዳንዴ ትቆጣለች።

ኤፖ፦ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል! ለመሆኑ ማን... አይ! ስሟን እንዳትነግረኝ። ጨዋ ሰው የሴት ስም ካፌ ደጅ አይጠራም።

ፍሬርክ፦ ስሟንማ አንተም...

ኤፖ፦ [ሁለት ጆሮውን ይዞ] አልሰማሁም! አልሰማሁም!

ፍሬርክ፦ እሺ፣ ተውኩት። ብቻ ዛሬ ልቧ ደስ ካላለው ሻንጣዋን ይዛ እኔ ቤት ጠቅልላ ልትገባ ነው።

ኤፖ፦ ጎሽ! ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?

ፍሬርክ፦ እንዳትገባብኝ ነዋ! ቤቴ አንድ ክፍል ነው። እሷ ከገባች ካልሲዬን ከወለል ላይ ማንሳት ሊመጣ ነው።

ኤፖ፦ ቆይ፣ ቆይ። ካላስደሰትካት ትመጣብሃለች፣ ካስደሰትካት ትሄድልሃለች? እንዲህ ያለ ፍቅር ሰምቼም አላውቅ።

ፍሬርክ፦ በጣም እወዳታለሁ እኮ። ግን ከባሏ ጋር ብትቆይ ይሻላል።

ኤፖ፦ ባል አላት?!

ፍሬርክ፦ አለ ከተባለ።

[አንዲት ሴት በብስክሌት ስታልፍ እጇን እያውለበለበች «እንኳን ደስ አላችሁ!» ትላለች። ኤፖ ብድግ ብሎ እጅ ይነሳል።]

ኤፖ፦ አየህ? ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው። ፖስተኛውም ጎረቤቱም እንኳን ደስ አለህ ነው የሚሉኝ። የአስጎብኚነት ፈተና ማለፌ ከተማውን አዳርሶታል።

ፍሬርክ፦ እኔንም እንኳን ደስ አለህ ብለውኛል።

ኤፖ፦ አማቼ ስለሆንክ ነዋ! ከኔ ክብር ትንሽ ደርሶህ ነው፤ አጣጥመው።

ፍሬርክ፦ ለፈተናው ነው እንዴ? እኔ እንኳ የመሰለኝ...

ኤፖ፦ አንተ አይምሰልህ። ወደ ጉዳያችን። መጀመሪያ እዚህ አደባባዩ ዳር ያለው የማርቲኒ ደወል ግንብ ላይ ታወጣታለህ። ሴትን ግንብ ላይ ያላወጣ ወንድ ወንድ ነኝ ብሎ አያውራ።

ፍሬርክ፦ ከላይ ሆና ምን ታያለች?

ኤፖ፦ ሁሉንም!

ፍሬርክ፦ ለምሳሌ?

ኤፖ፦ ለምሳሌ... ጣሪያ።

ፍሬርክ፦ የማን ጣሪያ?

ኤፖ፦ የሕዝቡ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

ፍሬርክ፦ አንተ ወጥተህ ታውቃለህ?

ኤፖ፦ ፈተናው የጽሑፍ ነው፣ ፍሬርክ። የጽሑፍ! ከፍታ ደግሞ ያዞረኛል። ይልቅ ስማ፤ ከግንቡ ስትወርዱ እግሯ ይዝላል። ያኔ የሰናፍጭ ሾርባ ትጋብዛታለህ።

ፍሬርክ፦ ሰናፍጭ አፍንጫዋን እየኮረኮረ ያስነጥሳታል።

ኤፖ፦ ያስነጥሳት! መሐረብ ስታቀብላት እጇን ትነካለህ።

ፍሬርክ፦ እጇን ልነካ? ለምን ብዬ?

ኤፖ፦ ወይ ጣጣ! ይህን ሰው ማን ወለደው? እሺ፣ ከዚያ በኋላ በጀልባ ቦዩን ዙሩ። ከጀልባው ስትወርዱ የሎሚ አረቄ አንዳንድ መለኪያ። መጨረሻ ላይ ድሮ ለችግረኛ አሮጊቶች ወደተሠሩት ግቢዎች። በሩ የተዘጋ ይመስላል፤ ገፋ ስታደርገው ግን ይከፈታል። ውስጡ ጽጌረዳ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ የከተማው ጫጫታ ጭጭ ይላል። እዚያ አስቀምጣትና ምንም አትቸኩል። ሴት ልጅ የሚናፍቃት ሌላ ነገር አይደለም፤ የማይቸኩል ሰው ነው።

ፍሬርክ፦ ኤፖ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?

ኤፖ፦ ተፈጥሮ ነው። ለመሆኑ ባሏ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ፍሬርክ፦ ክፉ አይደለም። ወሬ ያበዛል።

ኤፖ፦ አወቅኩት! እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከሩቅ እለየዋለሁ። የትም አይወስዳትም፣ አይደል?

ፍሬርክ፦ የትም። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተቀቀለ ድንች ጠረጴዛ ላይ ካልጠበቀው ቤቱ ይታመሳል።

ኤፖ፦ ድንችማ በሰዓቱ መቅረብ አለበት። በእሱ እንኳ አልፈርድበትም።

ፍሬርክ፦ ልደቷንም ይረሳል።

ኤፖ፦ [ጠረጴዛውን ይመታል] ልደቷን?! በኛ አገር ልደት የሚረሳ ሰው አለ? በምን ፊቱ ነው ቤት የሚገባው? ይህ ሰው ባል አይደለም፣ ግንድ ነው! ሴትዮዋን ንገራት፤ ካስፈለገ ሻንጣዋን እኔ ራሴ እሸከምላታለሁ!

ፍሬርክ፦ እሺ፣ እነግራታለሁ።

[የዳቦ ቤቷ ባለቤት ቅርጫቷን ይዛ በጠረጴዛቸው አጠገብ ስታልፍ የኤፖን ትከሻ መታ ታደርግና «በሚስትህ እንኳን ደስ አለህ!» ብላው ትሄዳለች።]

ኤፖ፦ [እየሳቀ] ተሳሳተች። በፈተናው ለማለት ነው። [ሳቁ ቀስ እያለ ይከስማል] በሚስቴ? ሚስቴ ምን ሆነች?

ፍሬርክ፦ ተወለደች።

ኤፖ፦ መቼ?

ፍሬርክ፦ ዛሬ። ከስልሳ ዓመት በፊት።

[ኤፖ በእጁ የያዘውን ድቡልቡል ሳህኑ ላይ ያስቀምጣል።]

ኤፖ፦ ፖስተኛውም...?

ፍሬርክ፦ ሚስት የተወለደች ቀን ባልም እንኳን ደስ አለህ ይባል የለ? እኔንም በእህትህ እያሉ ሲስሙኝ ነው የዋሉት። አንተ ፈተና ስትል እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር።

ኤፖ፦ ጉድ ፈላ! ሩልፊን! ጠዋት «ዛሬ ምን አስበሃል?» አለችኝ። እኔ ደግሞ «ፀሐይ ወጥታለች፣ ካፌው ደጅ ቦታ ሳይያዝብኝ ልሩጥ» አልኳት።

ፍሬርክ፦ እሷስ?

ኤፖ፦ «ሂድ» አለችኝ።

ፍሬርክ፦ ሳትጮህ?

ኤፖ፦ ሳትጮህ።

ፍሬርክ፦ እሱ ነው የሚያስፈራው።

ኤፖ፦ [ፊቱ ቲማቲም መስሎ] ቆይ። ያቺ ሴትዮ... ሻንጣዋን የምትይዘው...

ፍሬርክ፦ እህቴ ናት።

ኤፖ፦ ግንዱስ?

ፍሬርክ፦ [ጣቱን ወደ ኤፖ ባጅ ይቀስራል]

ኤፖ፦ ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ የማትረባ!

ፍሬርክ፦ ስሟን ልጠራ ስል ጆሮህን ያዝክ።

ኤፖ፦ እጄን አስለቅቀህ አትነግረኝም?

ፍሬርክ፦ አትታገለው ተብያለሁ።

ኤፖ፦ ማን ነው ያለህ?

ፍሬርክ፦ ሩልፊን። «ስሜን ልትጠራ ስትል ራሱ ያቋርጥሃል፤ አትታገለው። ለራሱ ሚስት ሲሆን ድንች ብቻ ነው የሚታየው፤ ለሰው ሚስት ሲሆን ግን ከተማው በሙሉ ይታየዋል» አለችኝ። እኔማ መቼ ይህን አስባለሁ? ጠይቅ የተባልኩትን ጠየቅሁ።

ኤፖ፦ [ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላል] እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስኖር ከቤታችን አሥር ደቂቃ የሚርቅ ጽጌረዳ አላሳየኋትም። ፍሬርክ፣ እኔ እኮ እወዳታለሁ! ከሄደችብኝ ምን ይውጠኛል? ለማን ነው የማወራው?

ፍሬርክ፦ ለኔ እንዳይሆን ብቻ።

ኤፖ፦ አሁን የት ናት?

ፍሬርክ፦ ግንቡ ሥር። አንተ ከመጣህ ካንተ ጋር ትወጣለች፤ ካልመጣህ እኔ አወጣታለሁ፤ ከዚያ ማታ ወደኔ ቤት። ይኸው ነው የነገረችኝ። ሻንጣዋ ተዘጋጅቷል።

ኤፖ፦ ከፍታ እንደሚያዞረኝ እያወቀች?

ፍሬርክ፦ «ካዞረው እጄን ይያዝ» ብላለች።

[ኤፖ ባጁን ከደረቱ ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ካፖርቱን እያጠለቀ በተሰጣው ሕዝብ መሐል እየተጋፋ ይሮጣል። ትንሽ ቆይቶ እያለከለከ ይመለሳል።]

ፍሬርክ፦ ምን ረሳህ?

ኤፖ፦ መጀመሪያ ምን ልበላት?

ፍሬርክ፦ እንኳን ተወለድሽ በላት።

ኤፖ፦ እሱማ እሺ። ከዚያስ? ግንቡ መቼ እንደተሠራ ልንገራት? ስንቴ እንደተቃጠለ? ደወሎቹን...

ፍሬርክ፦ ከዚያማ ዝም በል፣ ኤፖ። ዛሬ እሷ ታውራ።

[ኤፖ መልስ ሊሰጥ አፉን ይከፍታል። ያስብበታል። ይዘጋዋል። ወደ ግንቡ ይሮጣል።]