«ቀሪ» የተባለች ህልው

ሰው ፊት ስሜ ሲጠራ ድምፄ የሚሄድበትን አገር እስካሁን አላወቅሁትም። እናንተንስ እንዲህ ያደርጋችኋል? እኔ «አቤት» እላለሁ፤ ከራሴ በቀር ግን የሚሰማኝ የለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፣ ዝንብ አልገባብኝም። ሌላ ነገር ነው የገባብኝ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አዲስ የክፍል ኃላፊ መጣልን። ዓይኑን ከስም መጥሪያው ላይ ቀና አያደርግም። «እናኑ!» ይላል። «አቤት» እላለሁ፣ በሆዴ። «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል። ቃሉ ራሱ እኮ ግራ ነው። ትምህርት ቤት ያልመጣም ቀረ ይባላል፤ መጥቶ እዚያው ያመሸም ቀረ ይባላል። እኔ ሁለተኛዋ ነኝ ብዬ እንዳላስረዳው፣ ለማስረዳትም ድምፅ ያስፈልጋል።

አባዬ ተጠራ። የከተማችን ገበያ አርብ አርብ ነው። አርብ ቀን ቀሪ የተባለች ልጅ ገበያ አልዞረችም ቢባል ማን ያምናል? አባዬም አላመነ። ገበያ ለመዞር ከሆነ ደብተር ምን ይሠራልሽ፣ ፈተናውም ይቅር፣ ቤት ትውያለሽ አለኝ። አለቀስሁ። ልቅሶዬም ድምፅ አልነበረውም።

ደግነቱ የእናቴ ወንድም መሪጌታ ድጓ ከሚያስተምሩበት ከቤተ ልሔም መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ደብተሬን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው አብረውን ትምህርት ቤት ሄዱ። ገለጥ ገለጥ አደረጉና መምህሩን ይህ ቀይ ራይት የማን ነው አሉት። የእኔ ነው አለ። ከሥሩ የተጻፈውስ ቀን? መምህሩ ከስም መጥሪያው ጋር አስተያይቶ ላብ ላብ አለው። ቀሪ ባለኝ ቀን ሁሉ የቤት ሥራዬን አርሞልኛል!

«ልጄ፣ ይህች ልጅ ህልው ናት» አሉት መሪጌታ። ህልው ማለት ሳይታይ በውስጥ ያለ ማለት ነው አሉ። ቅቤ በወተት ውስጥ ህልው ነው፤ ሳይናጥ ማን አየው?

መምህሩም ዋዛ አይደለም። «መሪጌታ፣ ፈተና ክፍል በር ላይም እኮ ስም ይጠራል። እዚያ ማን ሊንጣት ነው?»

«እኔ!» አለ አባዬ፣ ዱላውን ጠበቅ አድርጎ።

«ተው አንተ ሰው፣ ወተቱን ትደፋዋለህ!» ሳቁ መሪጌታ። «አንተም መምህር፣ እስቲ ቀና ብለህ ጥራት።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «እናኑ!» አለ ዓይን ዓይኔን እያየ። አባዬም ያየኛል። አሁን ካልመለስሁ ከነገ ጀምሮ ቤት ነኝ። «አቤት»ን ብፈልጋት፣ ብፈልጋት የለችም። አፌ ላይ የተገኘችው አንዲት ቃል ብቻ ናት።

«ህልው!»

የግቢው ዘበኛ ሳይቀር ሰማ። መምህሩ እየሳቀ «ቀሪ»ውን ሁሉ ሰረዘልኝ። ፈተና ክፍልም «ህልው» ብዬ ነው የገባሁት። አለፍሁ።

እንግዲህ ሲጠሩ መመለስ ይጠቅማል ልላችሁ ነበር። ቆዩ። ድሮ ቤት ውስጥ ስጠራ ድምፄ ስለማይሰማ የምትላከው ታናሽ እህቴ ነበረች። አሁን አባዬ «እናኑ!» ሲል ለምዶብኝ «ህልው!» እላለሁ።

«ተመስገን፣ አለሽልኝ» ይላል። «በይ ጀሪካኑን አንሺ፤ ውሃው ውስጡ ህልው አይደለም።»