ወደ አሉታዊ ቀይሩ

የከተማችንን የቋንቋ ትምህርት ከውርደት ያዳነው የወላጆች ኮሚቴ ነው። ይህን የምጽፈው ውለታው ተረስቶ እንዳይቀር ነው። ከተማችን በአልጄሪያ ደጋ ላይ ያለች፣ ነፋስ የማያጣት ትንሽ ከተማ ብትሆንም ታላላቅ ሰዎች አሏት። የሁሉም ታላቅ የኮሚቴው ሊቀመንበር ሲ ቡዓለም ናቸው፤ በኛ ዘንድ «ሲ» ለወንድ፣ «ላላ» ለሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሲ ቡዓለም የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ ሲሆኑ እንግሊዝኛ አያውቁም። ይህም ለሥራው እጅግ ጠቅሟቸዋል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በቋንቋው ሊታለል ይችላልና።

ነገሩ የጀመረው በውሻ ነው።

ፈረንሳይኛን ገና ተምረን ሳንጨርስ እንግሊዝኛ መጣልንና፣ ልጄ ዊሴም አዲስ መጽሐፍ ይዛ ወደ ቤት ገባች። መጽሐፉ ላይ አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። አባት አለ፣ እናት አለች፣ ሶፋው ላይ ደግሞ ውሻ አለ። ምንጣፉ ላይ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይታለፍ ነበር፤ ውሻው ግን ትራስ ተደግፎ ነው የተቀመጠው። ሲ ቡዓለም ያንኑ መጽሐፍ ከገዛ ልጃቸው እጅ ቀምተው በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ ሲ ጣሃር ቢሮ ሄዱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሻ ነው፣ ሲ ቡዓለም።»

«ውሻ መሆኑንማ አያለሁ። የት ነው ያለው?»

«ሶፋ ላይ።»

«የማን ሶፋ?»

«የእንግሊዞቹ።»

«ዛሬ የእንግሊዞቹ ነው። ነገ የኔ ይሆናል» አሉ ሲ ቡዓለም።

ሲ ጣሃር በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ የሚወጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ክርክር ውስጥ አልገቡም። መጻሕፍቱን በሙሉ ሰብስበው ቢሯቸውን ዘጉና በእያንዳንዱ ውሻ ላይ በእስክሪብቶ ሱፍ ሣሉበት፤ ቀንድም ጨመሩለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእንግሊዙ ቤተሰብ ሶፋው ላይ በግ አስቀምጦ ይኖራል። እኛም የአረፋ በዓል ሲቃረብ በረንዳችን ላይ በግ የምናስር ሰዎች ስለሆንን ቅር ያለው ወላጅ አልነበረም።

ኮሚቴው ግን በግማሽ ሥራ የሚረካ አይደለም። ባዕድ ባህል ተነቅሎ በወጣበት ክፍተት የአገር ፍቅርን በተቀናጀ፣ በተናበበና ዘላቂነት ባለው አኳኋን ማስረጽ እንደሚገባ ወሰነ። በመጽሐፉ ውስጥ «አይብ እወዳለሁ» የሚል ምሳሌ ነበር። አይብ ተፍቆ አገር ገባበት፤ «አገሬን እወዳለሁ» ተባለ። ይህ ሲሆን ተቃውሞ ያነሳችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም አስተማሪዋ ጃዚያ ናት። ጃዚያ ጠዋት ለልጆቹ እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለእኛ ለእናቶቹ ማንበብና መጻፍ ታስተምራለች። እኛም ጉልበታችንን አጥፈን በልጆቻችን ወንበር ላይ እንቀመጣለን።

«ሲ ቡዓለም፣ ከዓረፍተ ነገሩ ሥር መልመጃ አለ እኮ» አለቻቸው።

«ታዲያ መልመጃ ምን ይጎዳል? የአገር ፍቅርም ልምምድ ይፈልጋል።»

የመጀመሪያው መልመጃ «ወደ አሉታዊ ቀይሩ» ይላል። ክፍሉ በሙሉ ባማረ ጽሕፈት «አገሬን አልወድም» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው «ወደ ኃላፊ ጊዜ ቀይሩ» ይላል፤ ልጆቹም «አገሬን እወድ ነበር» አሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ያስመሠርታል፤ «አገሬን እወዳለሁ ወይ?» ተባለ። ዊሴም ትጉ ልጅ ናት፤ አንዱንም አልሳተችም። አስር ከአስር አግኝታ ስትመጣ እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ።

በማግስቱ ሲ ቡዓለም ክፍሉ በር ላይ ቆሙ።

«ማነው ይህን ክህደት ለሕፃናት ያስጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት» አለች ጃዚያ።

«እኔ?»

«አይቡን እንተወው ብዬ ነበር። አይብ አልወድም ቢሉ ማንም አይከሰስም።»

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። አሉታዊ ዓረፍተ ነገር ሳይመከርበት ተወገደ። ኃላፊ ጊዜን በሚመለከት ሲ ቡዓለም «እወድ ነበር ያለ ሰው ዛሬ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መልስ የሰጠ ስላልነበረ እሱም ተወገደ። መጪው ጊዜ ቀጠሮ ያበዛል ተብሎ ወጣ። ጥያቄ ደግሞ ጠያቂው ገና እንዳልቆረጠ ስለሚያሳይ ተከለከለ። የውሳኔው ረቂቅ «አይፈቀድም» የሚል ቃል ነበረው፤ ቃሉ ራሱ አሉታዊ መሆኑን ጃዚያ ስታስታውሳቸው በትልቅ አስተዋይነት አስተካከሉት። እንዲህ ይነበባል፦ «በማናቸውም ቋንቋ፣ በማናቸውም ዕድሜ ለሚገኝ ተማሪ፣ ከአሁን ጊዜ አዎንታዊ ዓረፍተ ነገር በስተቀር ያለው ሁሉ ከአገልግሎት ውጭ ነው።» ሲ ቡዓለም ፈረሙበት፤ ሲ ጣሃርም ፈረሙ። በመስታወት ተደርጎ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

በማናቸውም ዕድሜ የተባለው እኛን እናቶቹን ነው። ጊዜው ክረምት ነበር፤ ውጭ በረዶ ይጥላል። የክፍሉን የጋዝ ማሞቂያዎች ሲ ቡዓለም በበጎ ፈቃድ ለማስጠገን ከወሰዷቸው ቆይቷል። አጠገቤ የምትቀመጠው ኸይራ እጇን እያሻሸች ጃዚያን ጠየቀቻት።

«እንዲያው ማሞቂያው የት ሄደ?»

«ጥያቄ ነው፤ ኃላፊ ጊዜም ነው» አለች ጃዚያ።

«ማሞቂያ የለም።»

«አሉታዊ።»

ኸይራ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። «እሺ፤ ማሞቂያው ሲ ቡዓለም ቤት ነው።»

«ሰዋስዉ ትክክል ነው» አለች ጃዚያና ሰሌዳው አናት ላይ ጻፈችው። ከደንቡ ጋር የሚስማማ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ማንም ሊያጠፋው አልደፈረም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እዚያው ቆየ።

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ የዊሴም ፈተና ነው። ካለፈች ወደ መካከለኛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እኔ በእሷ ዕድሜ ከዚሁ ትምህርት ቤት በር ወጥቼ የተመለስኩት ጠጉሬ ሸብቶ ነው። አባቷ «ከወደቀች ቤት ትረዳሻለች» ብሏል። በቀልድ ነው ያለው፤ በቀልድ የተባለ ነገር ግን በኛ ቤት ሲጸና አይቻለሁ። ስለዚህ ልጄን ነጋ ጠባ በጥያቄ አጣድፋት ነበር።

«ዊሴም፣ አጠናሽ?»

«የስ።»

«ራበሽ እንዴ?»

«የስ።»

«አሁን በልተሽ የለም ወይ? ጠግበሻል?»

«የስ።»

ግንባሯን ዳበስኩ፤ ትኩሳት አልነበራትም።

ፈታኙ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ውሳኔያችን ያልደረሰው ምስኪን ሰው ነበር። የሻይ ጀበና ሥዕል አውጥቶ «ይህ ላም ነው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው። ልጆቹ ተራ በተራ «የስ» አሉ። ላሟን አውጥቶ «ይህስ ጀበና ነው?» አለ። አሁንም «የስ» አሉ። የሲ ቡዓለም ልጅ «የስ፣ አገሬን እወዳለሁ» ብሎ ጨመረበት።

የውጤቱን ወረቀት ዊሴም አምጥታ ሰጠችኝ። ያለ ሰው እርዳታ፣ ፊደል በፊደል ለቅሜ ያነበብኩት የመጀመሪያው የመንግሥት ቃል እሱ ነው፦ «አላለፈችም።» ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው። አንዴ ካለቀስኩ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ደነገጥኩ፤ መጎናጸፊያዬን አጣፍቼ ወደ ሲ ጣሃር ሮጥኩ።

«ሲ ጣሃር፣ ይህ ቃል አሉታዊ አይደለም?»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ነው።»

«ኃላፊ ጊዜም ነው?»

«ላላ ዛሂያ፣ እኔ እኮ በወሩ መጨረሻ ጡረታ መውጣቴ ነው።»

«አውቃለሁ። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ ስላለ ፈርቼልዎት ነው የመጣሁት። ሲ ቡዓለም ቢያዩት ምን ይላሉ?»

ሲ ጣሃር ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ በሩን አዩት። በማግስቱ ወረቀቱ ከየቤቱ ተለቅሞ በሌላ ተተካ። የሁሉም ልጅ ወረቀት ላይ «ያልፋል» ወይም «ታልፋለች» የሚል ተጽፎበታል፤ አሁን ጊዜ፣ አዎንታዊ።

ሲ ቡዓለም ይህን የኮሚቴው ፍሬ አደረጉት። ተማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ትምህርት ቤት መሆናችን ዋና ከተማ ድረስ ተሰማና ወይዘሮ ሱሄይላ የምትባል ተቆጣጣሪ ልትሸልመን መጣች። ዝግጅቱ ክፍላችን ውስጥ ሆነ። ባንዲራ ተሰቀለ፤ ድምፅ ማጉያ ተተከለ፤ በማር የራሰ ብስኩት ቀረበ። ሲ ቡዓለም ስለ ሶፋና ስለ ሉዓላዊነት ረጅም ንግግር አደረጉ። ተቆጣጣሪዋ ከፊት የቆመችውን ዊሴምን ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ጃዚያ ለእኛ ትተረጉማለች።

«ትምህርት ቤትሽን ትወጃለሽ?»

«የስ።»

«ሲ ቡዓለም ደግ ሰው ናቸው?»

«የስ።»

ተጨበጨበ። ወይዘሮ ሱሄይላ ቀና ስትል ሰሌዳው አናት ላይ ያለውን አነበበች፤ ከግድግዳው የወጣውንና ጫፉ የተደፈነውን የጋዝ ቱቦም አየች። እንደገና ጎንበስ አለች።

«ማሞቂያው ሲ ቡዓለም ቤት ነው?»

«የስ።»

«አንድ ነው?»

«የስ።»

«ወይስ ሁለት?»

«የስ።»

«ሦስት ሊሆን ይችላል?»

«የስ።»

ጃዚያ አንዱንም ሳታስቀር ተረጎመች። ሲ ቡዓለም ብድግ ብለው ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «እኔ አልወ...» ብለው ሲጀምሩ ሲ ጣሃር ሳል ያዛቸው፤ እየሳሉም በመስታወት ወደ ተሰቀለው ውሳኔ በጣታቸው አመለከቱ። ሲ ቡዓለም የመርሕ ሰው ናቸው፤ የገዛ ፊርማቸውን አዩና ቃሉን ዋጡት። ሌላ ቃል ፈለጉ።

«አገሬን እወዳለሁ» አሉና ተቀመጡ።

ወይዘሮ ሱሄይላ ውሳኔውን ከግድግዳው አስወርዳ ልጆቹ እዚያው እንደገና እንዲፈተኑ አዘዘች። የሻይ ጀበናው ሥዕል ወጣ። «ይህ ላም ነው?» ዊሴም ሥዕሉን አየች፣ ሲ ቡዓለምን አየች፣ ከኋላ በልጆች ወንበር ላይ ተጣጥፌ የተቀመጥኩትን እኔን አየች። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩ።

«ኖ» አለች፤ ድምፅዋ በጭንቅ ነው የተሰማው።

ልጄ አለፈች። ይህ ኃላፊ ጊዜ ነው፤ አሁን መጻፍ ይቻላል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐዩ ገና ከማለዳው ሲያቃጥል፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማሞቂያዎች ተደርድረው ተገኙ። ከኛ ክፍል የተወሰዱት ሁለት ናቸው፤ የተመለሱት ግን ሦስት ሆኑ። ሦስተኛው የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ሲ ቡዓለምም ሥራቸውን አላቋረጡም። ኮሚቴው አሁን የሒሳብ መጽሐፉን እየመረመረ ነው ይባላል፤ የመቀነስ ምልክት በጣም አሳስቧቸዋል።

እኔ ግን አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ነበር፤ ሰው ያለ ጥፋቱ በልጄ አፍ ተዋርዶ እንደሆነስ? ሽንኩርት እየላጥን ሳለ ጠየቅኳት።

«ዊሴም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማሞቂያውን እሳቸው ቤት አይተሽው ነው፣ ወይስ ሌላ ቃል ስላጣሽ ነው?»

ልጄ አሁን ሁለቱም ቃላት አሏት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«የስ» አለችኝ።