ለሙከራ የገባው ሰው

ትናንት ሌሊት ምንተስኖት ያየውን ሕልም ለጠላትም አይስጥ። ዓለም በጭንቅላቷ ቆማ እግሯን ስታወዛውዝ ነው ያየው። ግን ከሕልሙ በፊት ልጁ እንዴት ሆኖ እንደተኛ ልንገራችሁ፤ አለዚያ «ሆዱን ሞልቶ ተኝቶ ነው የቃዠው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

ምንተስኖት ድረ ገጽ የሚሠራ ልጅ ነው። ኮተቤ፣ አንድ ግቢ ጓሮ ባለች ሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዓለሙ ኮድና ክሪኬት ነው። ኮዱስ እሺ፣ እንጀራው ነው። ክሪኬቱን ግን አንድ ህንዳዊ የሥራ ባልደረባው አስለመደውና ይኸው ሱስ ሆኖበት ቀረ። ሰፈር ውስጥ አብሮት የሚያይ አንድ ሰው የለም። ለጎረቤት ሲያስረዳ ብትሰሙት ታዝናላችሁ። «አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች ይጠብቃል። ኳሷ እሱን አልፋ እንጨቶቹን ከመታች አበቃለት፣ ከሜዳ ይወጣል» ይላል። «ታዲያ ይሄ የኛው ገና አይደል እንዴ?» ይሉታል። ሲቆጣ ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ይስቁበታል።

ሰሞኑን የሰፈሩ እድር ሥራ ሰጠው። ሰው ሲሞት ለአባላቱ ሁሉ በአንዴ መልእክት የሚልክ ድረ ገጽ ሥራልን አሉት። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ይልቃል «ሞትን በስልክ? ምን ጉድ ነው ይሄ! ጡሩምባችን ምን ሆነች?» ብለው ሲሟገቱ ከርመው፣ እሱ «ሰው ይዋሻል፣ ይሄ አይዋሽም» ብሏቸው በግድ ነው የተስማሙት። ትናንት ከሰዓት በኋላ የአባላቱን ስልክ ቁጥር አምጥተው ሰጡት፤ እሱም አስገባው።

እነዚህ የኮድ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። የሠሩት ነገር መሥራቱን ለማየት የውሸት ሰው ፈጥረው ያስገባሉ። ምንተስኖትም የሙከራ ሟች አስፈለገው። የማንን ስም ይጻፍ? በቁም ያለን ሰው ሞተ ብሎ መጻፍ ሟርት መሰለውና ፈራ። ከሐሳቡ የፈጠረው ስም እንኳ የሆነ ቦታ ባለቤት አያጣም። «የራሴ ይሻላል፤ በራሴ ባሟርት ማን ይቀየመኛል?» አለና «አባላችን ምንተስኖት ደጀኔ በድንገት ስላረፉ፣ አስከሬናቸው ነገ ከሆስፒታል ሲመጣ ሁላችሁም ተገኙ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ «ላክ» የሚለውን ተጫነ።

አንዲት ክብ ምልክት ስክሪኑ ላይ መዞር ጀመረች። ትዞራለች፣ ትዞራለች። ኔትወርክ እንደ ልማዱ የለም። «ኤጭ! አልሠራም» ብሎ ተነሣ።

ደብረ ብርሃን ላሉት እናቱ ለወይዘሮ ዘነቡ ማታ እደውላለሁ ብሎ ነበር። ደም ብዛት ያለባቸው ሴት ናቸው፤ ሐኪሙ «ድንጋጤ እንዳይነካቸው» ብሎ አስጠንቅቋል። የልጃቸውን ድምፅ ካልሰሙ ደግሞ እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም። «ነገ እደውላለሁ» አለና ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ቀደም ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ያወረደውን የክሪኬት ጨዋታ እየሰማ ጋደም አለ። ድካም ስለነበረበት ወዲያው ጭልጥ አለ።

እንግዲህ ሕልሙ ይኸውላችሁ።

ምንተስኖት ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠ መስሎት ነበር። ልብ ብሎ ሲያይ ግን ያለው ፊቱ ሳይሆን ውስጡ ነው። ከውጭ፣ ወንበሩ ላይ፣ የሠራው ድረ ገጽ ተቀምጣለች። ሴት ሆናለች። ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ፣ የእሱን ማኪያቶ እየጠጣች፣ በአንድ ጣቷ ግንባሩን ትጫነዋለች።

«ሳቅ» አለችው።

ሳቀ።

«አልቅስ።»

አለቀሰ።

«ምሳህን ምን በላህ?»

«ሽ... ሽሮ።»

«መልስ ሲሰጥ ይዘገያል» አለች ለራሷ። ከዚያ ዓይኗን አጥብባ አየችው። «ስማ፤ አንተ እውነተኛ ሰው ነህ ወይስ ለሙከራ የገባህ?»

«ኧረ እውነተኛ ነኝ!»

«ለሙከራ የገባ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው። ምስክር አምጣ። ካላመጣህ አጠፋሃለሁ።»

«እናቴ ትመሰክራለች! እናቴ ታውቀኛለች!»

«እንግዲያው ሩጥ» አለች ማኪያቶዋን አስቀምጣ። «ሌላ ሰው ቀድሞህ ከደረሰ ግን ምስክርነቷን አልቀበልም።»

ጣቷን ስታነሣለት መንገድ ላይ ወደቀ። ተነሥቶ ታክሲ ፍለጋ ሮጠ። ታክሲዎቹ ረጅም ሰልፍ ይዘው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሰው ይጠብቃሉ። አንድ ጎልማሳ ከድንጋይ ላይ ቆሞ «መገናኛ፣ መገናኛ! አንድ ታክሲ ብቻ ነው የቀረኝ!» እያለ ይጮኻል። አንዱ ሚኒባስ እየተጋፋ ደርሶ ምንተስኖት ጀርባ ላይ ወጣበት።

«ጠጋ በል እንጂ ወንድሜ» አለው ሚኒባሱ ከላይ ሆኖ፤ «ሌላም ታክሲ ይጭናል እኮ ጀርባህ!»

ምንተስኖት ሚኒባሱን አዝሎ ሮጠ። ላቡ ይንጠፈጠፋል። መንገደኛው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል፤ ጥለቱ ታች መሆኑ ቀርቶ አንገት ላይ ነው። ሁሉም ደረቱን እየመታ ያለቅሳል። አንዲት ሴት አስቆመና ጠየቀ።

«እትዬ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «እሱ አይደል የሚያስለቅሰን!»

ይህን ጊዜ ከሩቅ የእድሩን ድንኳን አየ። እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ጣሪያው መሬት ላይ ተነጥፎ ነው የቆመው። ሚኒባሱን ጥሎ ሮጠና ገባ። ውስጡ ክሪኬት ሜዳ ሆኖ ጠበቀው። ጎረቤቱ ሁሉ ዙሪያውን የእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሁሉም በመዳፉ አፉን ከድኗል። መሐል ላይ ዳኛው ቆመዋል። ጋሽ ይልቃል ናቸው! በእውን «ስልክ የሰይጣን ነው» ሲሉ የኖሩት ሰውዬ እዚህ በጭንቅላታቸው ቆመው፣ ብዙ ስልክ እንደ ጨሌ አንገታቸው ላይ ደርድረዋል።

«አርፍደሃል» አሉት ከታች ሆነው። «ቦታህን ያዝ። ዱላው ያውልህ።»

ምንተስኖት ዱላውን አነሣና እንጨቶቹ በቦታቸው መኖራቸውን ለማየት ዞር አለ። እንጨት የለም። እንጨቶቹ የሚተከሉበት ቦታ ላይ እናቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ።

«እማዬ! ተነሺ፣ እዚያ አይቀመጥም! ኳስ ይመታሻል!»

ወይዘሮ ዘነቡ ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ የማወቅ ምልክት የለም።

«ማነህ አንተ?»

«ልጅሽ ነኛ! ምንተስኖት!»

«የኔ ልጅ ማታ ማታ ይደውላል» አሉ። «አንተ አልደወልክም።»

እውነት ለመናገር፣ ይሄ ከሁሉ ነገር በላይ ልቡን ወጋው። «እማዬ ሙች፣ ረስቼ ነው» አለ። እናቱ ግን የተላጠውን ሽንኩርት ሳህን ላይ አስቀምጠው ልክ የይለፍ ቃል እንደሚጠይቅ ድረ ገጽ ጠየቁት።

«ልጄ ከሆንክ መልስ። ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ የምልህ ምንድን ነው?»

«...ተጠንቀቅ?»

«ተሳስተሃል።»

«ምሳህን ብላ? ብርድ ነው፣ ደርብ?»

«ተሳስተሃል። አንድ ጊዜ ይቀርሃል» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

በዚህ መሐል የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ደምስ ከሜዳው ጫፍ ሆኖ መንደርደር ጀመረ። ኳሷን በእጁ አልያዘም፤ ጡሩምባው ውስጥ ከቷታል። ደርሶ ነፋ። ኳሷ ከጡሩምባው ወጥታ ስትመጣ በሰው ድምፅ ትናገራለች።

«ትንሽ አሞታል» አለች።

ምንተስኖት ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ መታት። ከድንኳኑ ውጭ በረረች። ጎረቤቱ አፉን እንደከደነ አቃሰተ። እናቱ ግን እጃቸው ቆመ።

«ማንን ነው ያመመው?» አሉ።

«ማንንም! ዝም ብለሽ ሽንኩርትሽን ላጪ፣ እማዬ!»

ደምስ እንደገና ተንደረደረ። ጡሩምባው ጮኸ።

«ሆስፒታል ገብቷል» አለች ሁለተኛዋ ኳስ፤ ፍጥነቷ የመጀመሪያዋን ታስንቃለች።

ዱላው ጠርዝ ላይ ነካችውና በእናቱ ትከሻ አጠገብ ሽው ብላ አለፈች። ለጥቂት! ሦስተኛዋ ኳስ ምን እንደምትል ምንተስኖት ያውቃል፤ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ሁሉም ያውቃል፤ የማያውቁት ከኋላው ሽንኩርት የያዙት እናቱ ብቻ ናቸው። ያቺን ኳስ ከሰሙ በደም ብዛታቸው ላይ ምን እንደሚሆኑ ደግሞ ሐኪሙ ነግሮታል።

«ጋሽ ይልቃል፣ በእመብርሃን ጨዋታውን ያቁሙልኝ!» ብሎ ለመነ። «እኔ አለሁ እኮ! ያዩኛል እኮ!»

«እኔ ምን አገባኝ?» አሉ ጋሽ ይልቃል በጭንቅላታቸው እንደቆሙ፣ አንዱን ስልክ ከአንገታቸው አንሥተው እያሳዩት። «እዚህ ላይ ሞተሃል ይላል። ሰው ይዋሻል፣ ይሄ አይዋሽም። አንተው ራስህ አይደለህ እንዴ እንደዚያ ያልከኝ?»

ደምስ ሲንደረደር መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ምንተስኖት ዱላውን አጥብቆ ያዘ። ልክ ያን ጊዜ መልሱ ትዝ አለው። ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ በተሳፈረ ቁጥር፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ፣ እናቱ ከመስኮቱ ጎን እየሮጡ የሚሉት ነገር!

«ስትደርስ ደውልልኝ!» ብሎ ወደ እናቱ ዞሮ ጮኸ። «ስትደርስ ደውልልኝ ነው የምትይኝ!»

የእናቱ ፊት በራ። «የኔ ልጅ!» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ።

እሱ ግን ዞሯል። ጡሩምባው ከኋላው ጮኸ። ኳሷ በጆሮው ስር አለፈች።

ምንተስኖት «እማዬን!» ብሎ ብንን አለ።

ነግቷል፤ እንደውም ረፍዷል። ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንዳለ ነው፤ ክሪኬቱ አልቋል። «ኡፍ፣ ተመስገን፤ ሕልም ነው» ብሎ ማዳመጫውን አወለቀ። ጡሩምባው ግን አልቆመም። ከመንገዱ ወዲህ ይነፋል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ሰው ብረት ይቀጠቅጣል፤ የድንኳን እግር ሲተከል የሚሰማው ድምፅ ነው።

ስልኩን ሲያነሣ ያልተመለሰ ጥሪ ስክሪኑን ሞልቶታል። ከጥሪዎቹ በላይ አንድ መልእክት አለ። «አባላችን ምንተስኖት ደጀኔ በድንገት ስላረፉ...»

ለካ ኔትወርኩ እሱ ተኝቶ ሳለ ተመልሷል። ለካ እሱ ሞኙ፣ ሲሞክር የአባላቱን ቁጥር አውጥቶ የራሱን ብቻ ማስገባት ሲገባው፣ ጋሽ ይልቃል ያመጡትን በሙሉ እንዳለ ትቶታል። እጁ ላይ እያለ ስልኩ በራ።

«ሃሎ?»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ አንድ የማያውቀው ሰው። «የሟች ምኑ ነህ?»

«ኧረ ራሱ ነኝ! ምንተስኖት ነኝ! አልሞትኩም!»

«አይዞህ ወንድሜ፤ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» አለና ዘጋው።

ምንተስኖት መጋረጃውን ገለጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞልቶታል። ጋሽ ይልቃል «ቤተሰብ እስኪመጣ የሟች ቤት አይነካም» ብለው ይመስላል፣ የእሱን ክፍል በር በጀርባቸው ተደግፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በዚያው ቅጽበት የውጭው በር ተከፈተና ወይዘሮ ዘነቡ ገቡ። ከደብረ ብርሃን ይዟቸው የመጣው አጎቱ ክርናቸውን ደግፏቸዋል። በአንድ እጃቸው ፔርሙዝ ይዘዋል። አጥሚት ነው። ትንሽ አሞታል ተብለው ነው የመጡት።

ከበሩ እንደገቡ ቆሙ። የሴቶቹን ነጠላ አዩ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ አዩ። አንድም ሰው ዓይናቸውን ሊያይ አልደፈረም። ከዚያ ነፃ እጃቸው ቀስ እያለ ወደ ራሳቸው ነጠላ ሄደ።

ምንተስኖት በሩን በርግዶ ወጣ።

«እማዬ!»

ጋሽ ይልቃል ከነወንበራቸው ሊወድቁ ሲሉ ተነሡ። ዞሩ፤ ልጁን አዩት። ዘለው አፉን በመዳፋቸው ግጥም አድርገው ያዙት።

«እሽሽ! ዝም በል አንተ!» አሉት በጆሮው። «ለእናትየው ገና መርዶ አልተነገራቸውም!»